ከሐዋሳ ወደ ባሌ ተራሮች፦ ከዲንሾ እስከ ሐረና ጫካ

ሐሙስ

ሻሸመኔ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈውን መንገድ የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል እንጂ ብዙ ጊዜ አይጓዝበትም። ወደ ሰሜን የሚሄድ አዲስ አበባ ጉዳይ ይኖረዋል፤ ወደ ደቡብ የሚወርድ ይርጋለም ወይም ዲላ ዘመድ አለው፤ በኮፈሌና በዶዶላ አድርጎ ባሌ የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አገር ሰው ወይም ነጋዴ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይህን ያህል ቀርቦን ሳለ፣ ስለ ከፍተኛ ተራሮች ስናስተምር የምንጠቅሰው ሁልጊዜ ስሜንን መሆኑ እኔንና የባዮሎጂ መምህር የሆነውን ባልደረባዬን ሲቆጨን ቆይቷል። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በጥር ወር ጥምቀት አልፎ የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሲጀምር፣ ተራራውን በእግራችን ለማየት ተነሣን።

እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ የውኃው ጉዳይ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውኃ ወንዝ የሚመጣለትን ተቀብሎ የሚያስቀር፣ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የባሌ ተራሮች በተቃራኒው ውኃን ለሌላው የሚያድሉ ናቸው። ዌብ፣ ወልመልና ዱማል፣ እንዲሁም ገናሌንና ዋቢ ሸበሌን የሚመግቡ ብዙ ጅረቶች ከዚያ ይነሣሉ፤ ውኃቸውም ደረቁን ቆላ አቋርጦ ሶማሊያ ድረስ ይዘልቃል። ኑሮው በእነዚህ ወንዞች ላይ የተመሠረተው ሕዝብ ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ዝናብ በማይዘንብበት ወር እንኳ ወንዞቹን ሳያቋርጥ የሚመግበው ተራራ ውኃውን የት እንደሚያኖረው ማየት ፈለግሁ።

ከሐዋሳ መናኸሪያ ማለዳ ተነሥተን ሻሸመኔ ላይ ሮቤ የሚሄድ መኪና ያዝን። ወደ ኮፈሌ ሲቀረብ አየሩ ቶሎ ይለወጣል፤ እንሰትና ገብስ ጎን ለጎን የሚታዩበት ብርዳማ ደጋ ነው። ዶዶላና አዳባ ሰፊ የስንዴ አገር ናቸው፤ በጥር ወር አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ገለባ ብቻ ሆኖ ይታያል። ከአዳባ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ ዲንሾ ከመግባቱ በፊት የጋይሳይን ሜዳ ያቋርጣል፤ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብንም። ከአስፋልቱ ትንሽ ራቅ ብለው የደጋ አጋዘኖች ሣር ይግጡ ነበር።

የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ዲንሾ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በኮሶና በጽድ ዛፎች መካከል ነው። ተመዝግበን የመግቢያ ከፈልን፤ አስጎብኚ፣ ሁለት የጭነት ፈረሶችና የፈረሶቹ ባለቤት ተመደቡልን። ሌሊቱ ከሐዋሳ ሌሊት ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ዓርብ

ማለዳውን በሙሉ ለጋይሳይ ሰጠነው። ጋይሳይ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚጠጋው ፓርክ ትንሹ ክፍል ሲሆን፣ ትላልቅ እንስሳትን በቀላሉ ለማየት ግን የሚወዳደረው የለም። ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ሳለ ከርከሮዎች፣ ቦሆሮች፣ ከጫካው ዳር ደግሞ ጠቆር ያለው የምኒልክ ድኩላ ታዩን።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ይህን የሚያህል እንስሳ ሳይንስ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1910 ብቻ መሆኑን ባልደረባዬ ሲነግረኝ ተደነቅሁ። ወንዱ ግራጫማ ቡናማ ነው፤ ቀንዱ ተጠማዝዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጀርባው ላይ ጋማ አለው፤ ሲራመድም አይቸኩልም። ቀንድ የሌላቸው ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር በመንጋ ይውላሉ። አስጎብኚያችን እንደነገረን እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት በተለወጠበት ወቅት ጥበቃው ላልቶ እጅግ ብዙ አጋዘኖች ተገድለዋል፤ ቁጥራቸው ያንሠራራው ከዚያ በኋላ በብዙ ድካም ነው። ዛሬ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ሰውን ሳይሸሹ የሚውሉት የዚያ ድካም ፍሬ ናቸው።

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ወሰኑ በሕግ የጸናው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በመካከሉ ባለው ረጅም ዘመን የእርሻና የመንደር መስፋፋት ወደ ውስጥ ገብቷል። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በዚያው ስብሰባ የእኛ ጎረቤት የሆነው የጌዴኦ መልክዓ ምድርም አብሮ ተመዝግቧል። ሐዋሳ ላይ ያኔ የሰማነው ስለ ጌዴኦው ነበር፤ ባሌን ያነሣ ሰው አላስታውስም።

ቅዳሜ

ጭነቱ በፈረሶች ተጭኖ ከዲንሾ ወደ ዌብ ሸለቆ ጉዞ ጀመርን። ዛፉ ወዲያው እየሳሳ ይሄድና ሰፊ፣ ሣራማ፣ ነፋሻ ሜዳ ይገኛል። ወደ ቀትር ግድም የፈረሶቹ ባለቤት ቆመ፤ በእጁም ዝም እንድንል አመለከተን። ከፊታችን ቀይ ቀበሮ ነበር።

ረጅም እግር፣ ቀጭን አፍ፣ ደማቅ ቀይ ጠጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ጫፉ የጠቆረ ጭራ አለው። አንድ እግሩን አንሥቶ ወደ አንድ የፍልፈል ጉድጓድ እየተመለከተ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። የሚጠብቀው በዓለም ላይ በባሌ ብቻ የሚኖረውን፣ እስከ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያለውን ግዙፍ ፍልፈል ነው። ይህ ፍልፈል አብዛኛውን ጊዜውን ከመሬት በታች ያሳልፋል፤ ሲወጣም ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር አጭዶ ተመልሶ ይገባል። አንዲት ቡናማ ወፍ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ትቆማለች፤ ፍልፈሉ አፈር ሲገፋ ብቅ የሚሉትን ነፍሳት ትለቅማለች፤ አደጋ ሲመጣ ስትጮህ ደግሞ እርሱ ይጠቀማል። ቀበሮው በመጨረሻ ዘለለ፤ ሳተውና ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ።

ባልደረባዬ እዚያው ተቀምጦ ያስረዳኝን ልጻፍ። ቀይ ቀበሮዎች በቤተሰብ ተሰባስበው ይኖራሉ፤ ጠዋትና ማታ ወሰናቸውን አብረው ይዞራሉ፤ ለአደን ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይወጣል፤ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ተባባሪ አያስፈልገውም። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ስለዚህ ባሌ ላይ የሚደርስባቸው ጉዳት በዝርያው ሁሉ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ከ2003 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በዚሁ በዌብ ሸለቆ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በአካባቢው ከነበሩት ቀበሮዎች ከሦስት ሁለት እጁን በላይ ጨርሷል። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ የውሾች በሽታ፣ ዲስቴምፐር የሚባለው፣ መጥቶ ነበር። ሁለቱም ወደ ቀበሮዎቹ የሚተላለፉት ከመንደር ውሾች ነው። ውሾቹን በየዓመቱ መከተብ ዋነኛው መከላከያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ የሚሰጥ ክትባት ሥራ ላይ ውሏል።

ከሰዓት በኋላ በዌብ ሸለቆ ወረድን። የዌብ ወንዝ ከዚህ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ሥር የሚያልፈው ያው ወንዝ ነው። በዚህ አካባቢ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዓለት መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ይኖሩ ነበር፤ ባልጩት ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ስፍራ እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ፣ ይህንኑ ግዙፍ ፍልፈል በእሳት እየጠበሱ ይበሉ ነበር። በዚያ ዘመን ከላይ ያለው አምባ በከፊል በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ቀበሮውና ሰው ከአንድ ማዕድ ይበሉ እንደነበር ሳስብ፣ ጠዋት ያየሁትን አደን እንደገና በሌላ ዓይን ተመለከትሁት።

እሑድ

የእሑዱ መንገድ ረጅም ሆኖ ብዙ የሚነገር የለውም፤ ሸንተረር ወጥተን ሸንተረር ወረድን። ሊጻፍ የሚገባው ማታ ከአንድ አዛውንት ከብት አርቢ ጋር ያደረግነው ጭውውት ነው። እሳቱ ዳር ሆነው ስለ ጎዳንቱ፣ ማለት ከብቶችን በወቅት እየለዩ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የማዘዋወሩ የቆየ ልማድ ነገሩን። ከብቶቹ ወደ ደጋ የሚመጡት ለሣሩ ብቻ አልነበረም፤ ማዕድን ያለውን የሆራ ውኃ እንዲጠጡም ነው። ቀድሞ ቤተሰቡ ቆላ ቀርቶ ከከብቶቹ ጋር እረኞች ብቻ ይመጡ፣ ወቅቱ ሲያልፍም ይመለሱ ነበር። አሁን ብዙዎች ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ቀርተዋል።

ባልደረባዬ በትሕትና፣ «አባቴ፣ ውሻ ባይኖርስ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ልጄ፣ ውሻ የሌለው በረት ጅብ ይገባበታል። ክትባቱን ግን አንጠላም፤ ሲመጡ እኔ ራሴ ይዤ አስወጋዋለሁ» አሉት።

መልሳቸው ትክክል ነበር። በየመንደሩ ውሻ ይጥፋ ብሎ የሚያዝዝ ሰው የእኒህን አባት ሌሊት አያውቅም። የሚያስፈልገው ክትባቱ በየዓመቱ ሳይቋረጥ መድረሱ ነው፤ ይህ ደግሞ ገንዘብና ሰው ከተገኘ የሚሠራ ነገር ነው።

ሰኞ

ወደ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የሚወስደው አቀበት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጥቂት እርምጃ ሄደን እንቆማለን፣ ውኃ እንጠጣለን፣ እንደገና እንሄዳለን። ሐይቁ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በሦስት በኩል በገደል ተከቦ ተኝቷል። ለጂኦግራፊ መምህር ይህ ስፍራ መጽሐፍ ነው። ገደሉን የጠረበው በረዶ ነው፤ ግግሩ ከከፍታው እየተንሸራተተ ዓለቱን ቧጥጦ ጎድጓዳ ስፍራ ሠራ፤ ሲቀልጥ ውኃው በጉድጓዱ ቀረ። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል በንብርብሩ ውስጥ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ የሚሆነውን የአየር ንብረት፣ የዕፅዋትና የሰደድ እሳት ታሪክ ይዟል። በተማሪዎቼ ፊት ስለ በረዶ ዘመን ሳስረዳ የምሥለው የአውሮፓን ተራሮች ነበር። ከእንግዲህ የምሥለው ይህን ነው።

ሌሊቱን ድንኳናችን በአመዳይ ደረቀ፤ በጆግ ያስቀመጥነው ውኃም ረጋ። ጀንበር ስትወጣ ግን ቀኑ ፈጥኖ ሞቀ። በዚህ ከፍታ በአንድ ቀን ውስጥ ክረምትና በጋ እንደሚፈራረቁ የሚባለው እውነት ነው፤ ዕፅዋቱም ሁሉ ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው።

ማክሰኞ

ሳነቲ። ከአፍሪካ ሰፊው ከፍተኛ የደጋ አምባ ይህ ነው፤ በአብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ ዝርግ ነው። ብርማ ቅጠል ያላቸው ዝቅተኛ ቁጥቋጦዎች መሬቱን ሸፍነዋል፤ በመካከላቸው ጅብራው ብቻውን ቆሟል። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ እያሳደገ ይቆይና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም አበባ አውጥቶ፣ ዘር ሰጥቶ ይሞታል። ማታ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ የሚያድገውን እምቡጥ ከውርጭ ይጠብቃል። የደረቁት ግንዶች ካበቡት ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።

በመሬቱ ላይ ትላልቅ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው አየን፤ ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። የደረደራቸው በጥንት ዘመን አፈሩ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየረጋና እየቀለጠ መመላለሱ ነው።

የውኃውን ነገር ያወቅሁት በሳነቲ ነው። በየዝቅታው ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች አሉ፤ በጥር አንዳንዶቹ ደርቀው ጭቃቸው ተሰንጥቋል፤ ሌሎቹ ግን ሰማያዊ ክንፍ ያላቸውን ዝይዎች ይዘው ይገኛሉ። በኩሬዎቹ ዳር ያለው መሬት እግር ሲያርፍበት ይሰርጋል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሥር በሥር የተያያዘ አፈር ነው። አስጎብኚያችን ዱላውን ወጋ አድርጎ ሲያወጣው ከጉድጓዱ ውኃ መጣ። ዝናቡ በዚህ ሁሉ ስፖንጅ መሰል አፈር ይጠጣል፤ ብርዱ ትነትን ይቀንሳል፤ ረግረጉም ውኃውን ቀስ በቀስ ለጅረቶች ይለቃል። ይህ አፈር ከብት ሲበዛበት ይጨፈለቃል፤ ተጨፍልቆ ሲጠነክር ደግሞ ውኃው ሳይሰርግ በጎርፍ ይሄዳል። ፍልፈሉ አፈሩን እየገለበጠ የሚያላላበት ምድርም ይኸው ነው። የቀበሮው ምግብና የቆላው ሰው ውኃ በአንድ መሬት ላይ እንደተመሠረቱ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ስፍራ አላየሁም።

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው የመኪና መንገድ ይህን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያቋርጣል። እዚያ ቀጠሮ የያዝንለት መኪና ጠበቀን፤ የፈረሶቹን ባለቤት አመስግነን ተሰናበትነው። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ፍጥነቱን እንዲቀንስ እለምናለሁ፤ ቀይ ቀበሮ በመኪና እየተገጨ ይሞታል።

ማታ ባልደረባዬ አንድ ነገር ነገረኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት የባሌ ቀይ ቀበሮዎች የዝንጀሮ አገዳ፣ በሌላ ስሙ አሸንዳ፣ የሚባለውን ተክል የአበባ ማር ሲልሱ ተስተውሏል። አፋቸው በጽጌ ብናኝ እየተሸፈነ ከአበባ ወደ አበባ ስለሚዘዋወሩ ተክሉን ሳያዳቅሉት እንደማይቀሩ አጥኚዎቹ ጽፈዋል። በጥር አበባው የለም፤ ማየት አልቻልንም።

ረቡዕ

ማለዳ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጣን። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። መኪና እስከ ጫፉ የሚወጣበት መንገድ ቢኖረውም በእግራችን ወጣነው፤ ገደል የለውም፣ ቅርጹ ድብልብል ነው፣ የሚያደክመው የአየሩ መሳሳት ብቻ ነው። ከላይ ሆነን ወደ ደቡብ ስንመለከት አምባው በድንገት ተቆርጦ፣ ከሥሩ ደመና ሞልቶ አየን። ከደመናው በታች ያለው ሐረና ነው።

የሐረናን ቁልቁለት መውረድ በአንድ ቀን ውስጥ አገር መለወጥ ነው። ከሳነቲ ጠርዝ ሲወረድ መጀመሪያ የሚገኘው የአስታ ቁጥቋጦ ነው፤ ዝቅ ሲባል አስታው ዛፍ ይሆናል፤ ከቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት የሚባለው ረጃጅም፣ ጠጉር መሰል ነገር ይንጠለጠላል፤ ጭጋጉ በዚያ ሽበት ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እኛ ባለፍንበት ሰዓት ዝናብ ባይኖርም ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት እርጥብ ነበር። በዚህ ዞን በበጋ ወራት ለግጦሽ ተብሎ እሳት ይለቀቃል፤ በመንገዳችን በርካታ ሄክታር ጥቁር ግንድ ሆኖ አየን። ከጭጋግ ውኃ የሚሰበስብ ዛፍ ሲቃጠል የሚጠፋው ግንዱ ብቻ አይደለምና ይህ ከጉዞው ሁሉ ያሳዘነኝ ትዕይንት ሆነ።

ሪራ ላይ ቀርከሃው ይጀምራል፤ የባሌ ጦጣ የሚኖረው በዚህ ውስጥ ነው። በሐረና ዋና ምግቡ ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ነው። ይህ ጦጣ በእኛው በሲዳማ ደጋ በተቆራረጡ ትናንሽ ደኖች ውስጥም ቀርቷል፤ ቀርከሃው ከተመነጠረባቸው ስፍራዎች ሌላ ቅጠልና ፍሬ እየበላ ይኖራል። ሐዋሳ ተቀምጠን ስለዚህ ጎረቤታችን ሳንሰማ መኖራችን ያስገርማል። አንድ ቤተሰብ ከመንገዱ በላይ ሆኖ ለደቂቃዎች ተመለከተን፤ ከዚያም ወደ ጥቅጥቁ ገባ።

ሐሙስ

ከሪራ በታች ሐረና ትልቅ ጫካ ይሆናል፤ በዚህ ሥር አንበሳ፣ ተኩላና የዱር አሳማ ይኖራሉ። እኛ ያየነው ግን ቡናውን ነው። ማንም ያልተከለው ቡና በትላልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ፣ ቀጭን ግንዱን ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ አርዝሞ ቆሟል። ከፍ ባሉ ቅርንጫፎች ላይ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች ይታያሉ። ሰው ዛፉን ሳይቆርጥ ከቡናውና ከማሩ መኖር ስለሚችል፣ ጫካውን ለነዋሪው ማኅበር አሳልፎ መስጠትና አብሮ ማስተዳደር በዚህ አገር ተሞክሯል። ቡና ያፈሉልን እናት፣ «ኑ እንጂ ልጆቼ፣ ዛፉ ከሌለ ቡናው ፀሐይ ይመታዋል፤ እኛ እናውቃለን» አሉን። ቡናቸው ጠንካራ፣ ጠረኑም ከርቀት የሚታወቅ ነበር።

ከዚያ በጎባና በሮቤ አድርገን ተመለስን። በመኪናው ውስጥ ከባልደረባዬ ጋር የተማሪዎቻችንን ጉዞ አቀድን። ጊዜው ኅዳር እንዲሆን ተስማማን፤ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ይደርቃል፣ ኩሬዎቹ ሙሉ ናቸው፣ አሸንዳውም ገና ከአበባው ይገኝ ይሆናል። ለተማሪዎች ጋይሳይንና ዲንሾን በእግር፣ ሳነቲን በመኪና ማድረግ ይበቃል፤ ወደ ከፍታው ከመውጣታቸው በፊት ዲንሾ ላይ አንድ ሌሊት ማደር አለባቸው፤ ወፍራም ብርድ ልብስና ዝናብ መከላከያም ለእያንዳንዱ ያስፈልጋል።